የተማጸነ ፍጥረት

በአዲስ አበባ ከተማ በወሎ ሰፈር ከሚደረጉት የጽዋ ማኅበራት በአንደኛው፣ ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ማኅበርተኛውን ለሁለት ከፍሎ አከራክሮአል። ነገሩም ተመርምሮ እንዲጻፍ ስለ ተጠየቅን፣ ለዚህ ወር ያዘጋጀነውን ሌላ ጽሑፍ ወደ ፊት አሳልፈን ይህን አስቀድመናል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ወሎ ሰፈር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ባሕር ማዶ የሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ያላቸው ቤተ ሰቦችም በዚያ ብዙዎች ናቸው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ የምትኖር አንዲት ወጣት እናቷን ለመጠየቅ መጥታ በማኅበሩ ላይ ተገኝታ ነበርና፣ በስልኳ የተነሣውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለአረጋውያኑ አሳየቻቸው። በሥዕሉ ላይ ራሷ መነጽር አጥልቃ፣ ስኖርክል የሚባለውን የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ ይዛ፣ እንደ መስተዋት በጠራ የምንጭ ውኃ ላይ በደረቷ ተንሳፍፋ ትታያለች፤ ከበታቿም ታንኳ የሚያህል አመድማ እንስሳ ቀስ እያለ ያልፋል። ያየው ሁሉ ተደነቀ። አንዲት ባልቴት ግን ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ እሱ ነው ወደ አንቺ የመጣ፣ ወይስ አንቺ ነሽ የሄድሽበት?» ብለው ጠየቋት። ወጣቲቱም «እኔ ነኝ የሄድሁት፣ እማማ፤ በኋላ ግን እሱም ቀረበኝ» አለች። «እሱስ እዚያ ምን ይሠራል?» ቢሏት፣ «ብርዱን ሸሽቶ ነው፤ ባሕሩ ይቀዘቅዝበታል» ብላ መለሰች። ባልቴቲቱ ዝም አሉ፤ ክርክሩም ከዚያ ተጀመረ። ከፊሎቹ ፍጥረትን ቀርቦ ማየት ፈጣሪን ለማመስገን ያነሣሣል አሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ነፍሱን ለማትረፍ የተጠጋን እንስሳ መጫወቻ ማድረግ ነው ብለው ነቀፉ።

ከፍርድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባልና ስለ እንስሳው ጥቂት እንናገር። ስሙ ማናቲ ይባላል። በአገራችን ስለማይገኝ በአማርኛ የታወቀ ስም የለውም፤ ሌሎች ሕዝቦች የባሕር ላም ይሉታል። ዓሣ አይደለም፤ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን በጡት የሚያሳድግ፣ የውኃ ሣርና ቅጠል የሚመገብ ፍጥረት ነው። የተፈጥሮ መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ በየብስ ካሉት እንስሳት ቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ሽኮኮ ናቸው፤ ሽኮኮን በቋጥኝ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ይህ በቶሎ የሚታመን ነገር አይደለም። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ400 እስከ 550 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በየጥቂት ደቂቃው አፍንጫውን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይተነፍሳል፤ ሲያርፍ ግን እስከ 20 ደቂቃ ድረስ በውኃው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሴቲቱ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ ግልገሉም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከእናቱ አይለይም። እንደ ሌሎች አራዊት የሚዋጋበት ቀንድም ሆነ ክራንቻ የለውም። እምቦጭንም ይበላል። ይህን የሰማ አንድ ብልኅ ሰው «እንግዲያስ ለጣና እናስመጣው» ብሎ እንዳይነሣ እንሰጋለን፤ በጉያና አገር የቦይ አረም እንዲያጸዳ ታስቦ በሥራ ላይ ውሎ ነበርና፣ ሐሳቡ አዲስ አይደለም።

ይህ እንስሳ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለትም አይቻልም። ዱጎንግ የሚባለው ዘመዱ በቀይ ባሕር ይገኛል። በ1832 እስከ ጎንደር ድረስ መጥቶ የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተጻፈው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1834 ለቀይ ባሕሩ ዱጎንግ ያወጣለት የሳይንስ ስም ከደብተራ ኦሪት የተወሰደ ነበር። በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑ የላይኛ መሸፈኛ እንደ ሆነ የተነገረው፣ በአማርኛው አቆስጣ ተብሎ የተተረጐመው ቁርበት፣ የዚህ እንስሳ ቁርበት ነው የሚል አሳብ ስለ ነበረው ነው። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ አልተስማሙም፤ እኛም በዚህ ላይ አንፈርድም።

የማናቲው አካል ወፍራም ስለ ሆነ ብርድ የማይፈራ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ዓሣ ነባሪ ሙቀት የሚጠብቅለት ወፍራም ስብ የለውም። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ወርዶ ብርዱ ሲረዝምበት ይታመማል፤ ይሞታልም። ስለዚህ በፍሎሪዳ የብርድ ወራት፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ከባሕሩ ወደ ወንዞች ገብቶ ከምድር ውስጥ በሚፈልቁት ምንጮች ዘንድ ይሰበሰባል። ክሪስታል ሪቨር በምትባለው ትንሽ ከተማ ዳር፣ ኪንግስ ቤይ በተባለው ወሽመጥ ውስጥ፣ ከ70 የሚበልጡ ምንጮች አሉ፤ የውኃቸውም ሙቀት ዓመቱን በሙሉ 22 ወይም 23 ዲግሪ ያህል ነው። የእኛን ፍል ውኃ የለመደ ሰው ይህን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ፈጥኖ ይወጣ ነበር። ለማናቲው ግን ሕይወትና ሞት የሚለያዩበት ድንበር ነው።

የክርክሩ ቍልፍ ከዚህ ላይ ይመስለናል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ደም ያለበት ወይም ንጉሥ የተቈጣው ሰው ሸሽቶ ወደ አክሱም ጽዮንና ወደ መሰሎቿ ታላላቅ አድባራት ገብቶ ሲማጸን፣ አሳዳጁ ከቅጥሩ ውጭ ይቆም እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቅጥሩን የሚደፍረው ግን ሰይፍ የያዘው ብቻ አይደለም። የተማጸነውን ሰው ለማየት ጓጉቶ የሚከበው፣ ፊቱን አቅንቶ የሚያየው፣ ልብሱን የሚጐትተው፣ ክፉ አሳብ ባይኖረው እንኳ፣ ቅጥሩን አከበረ ሊባል ይችላልን? የተማጸነ ሰው ሌላ መሄጃ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ባልመጣም ነበር። ሁላችን የምናውቀው የዱር እንስሳ ሰውን ሲጠላ ይሸሻል፤ መሸሹም መልስ ነው። በብርድ ቀን በምንጭ ውስጥ የተጠለለ ማናቲ ግን የሚሸሽ ቢሆን የሚሸሸው ወደሚገድለው ውኃ ነው። እንግዲህ ሳይሸሽ መቅረቱን እንደ ፈቃድ መቍጠር ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። ወጣቲቱ «እሱም ቀረበኝ» ማለቷን አንጠራጠርም፤ ከእነዚህ እንስሳት መካከል ጕጉ ሆነው ወደ ሰው የሚመጡ እንዳሉ የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ከሚቀርበው አንዱ ይልቅ፣ ከታች በጭቃው ላይ ተኝቶ የማይነቃነቀው ነው የሚያሳስበን። እርሱ ምንም አልተናገረም።

የአገሩ ሕግ ይህን ነገር አልዘነጋውም። ማናቲው በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገብቶአል፤ በ1983 በክሪስታል ሪቨር ለእርሱ የተለየ የጥበቃ ስፍራ ተከልሎለታል፤ በ2017 ደግሞ ቍጥሩ ስለ ተሻሻለ ከጥፋት ደረጃ አንድ እርከን ወጥቶአል። ማሳደድ፣ መክበብ፣ መጋለብ፣ ማብላት፣ እናትን ከግልገሏ መለየት ክልክል ነው። አንዳንዶቹ ምንጮች በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት ታጥረዋል፤ ከዚያ ውስጥ ሰው አይገባም። ሦስቱ እኅትማማች የሚባሉት ምንጮችም ብርዱ ሲበረታ ለዋናተኛ ይዘጋሉ። አስጐብኚዎች እንግዳውን ወደ ውኃው ከማስገባታቸው በፊት እጁን እንዲሰበስብ፣ እግሩን እንዳያንፈራግጥ፣ ዝም ብሎ እንዲንሳፈፍ ያስተምሩታል። ይህን ስንሰማ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ለሚገባ ልጅ አባቱ በደጀ ሰላሙ የሚነግረውን ምክር መሰለን።

በዚህ ላይ ከማኅበርተኞቹ አንዳንዶቹ «ሰው በእንስሳት ሁሉ ላይ ሥልጣን ተሰጥቶት የለምን?» ብለው ነበር። በእርግጥ ተሰጥቶታል። ነገር ግን ሥልጣኑ ከተነገረ በኋላ፣ አዳም በእንስሳት ፊት ሲያደርግ የምናነበው የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው? ማሰር አይደለም፤ መጫንም አይደለም፤ ስም ማውጣት ነው። እንስሳቱም ወደ አዳም የመጡት ፈጣሪ አምጥቶአቸው ነው እንጂ አዳም አሳዶ አልያዛቸውም። በዚህ ረገድ የባልቴቲቱ ጥያቄ ከቀላል ጨዋታ የተነሣ አይደለም። ስም የሚያወጣ ሰው በፊቱ ያለውን አስተውሎ ማየት አለበት፤ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚኖር፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ ማወቅ አለበት። ለዚህ ሥራ ዐይንና ልብ ይበቃሉ፤ እጅ አያስፈልግም።

በጥር ወር 2021 በዚያው አውራጃ በሆሞሳሳ ወንዝ ውስጥ አንድ ማናቲ ታየ፤ በጀርባው ላይ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ የውኃ ዕፅ በቅሎበት ነበርና፣ አንድ ሰው ያን ፍቆ የአንድ ፖለቲከኛን ስም ጽፎበት ተገኘ። እንስሳው ብዙ እንዳልተጐዳ ባለሥልጣኖቹ አስታውቀዋል። ቢሆንም አዳም ለእንስሳው ስም ሰጠው፤ የዘመናችን ሰው ግን የራሱን ወገን ስም በእንስሳው ቆዳ ላይ ጻፈበት። ከዚህ የበለጠ የሥልጣን መገልበጥ በምን ይገለጻል?

ይሁን እንጂ በሌላው አገር ጥፋት ላይ ብቻ ጣታችንን አንቀስር። በእኛ ቋንቋ ጉማሬ ማለት በጣናና በአዋሽ የሚኖረው ታላቁ እንስሳ ነው፤ ከቆዳው ተቈርጦ የሚሠራው አለንጋም ጉማሬ ይባላል። ስንቱ ሎሌ፣ ስንቱ ተማሪ ጉማሬን ሳያይ በጉማሬ ተገርፎአል! እንስሳውን በስሙ ጠርተን ስሙን የመግረፊያ ስም አደረግነው። ጉማሬ አድኖ ይበላ የነበረውን የጣና ዳር ወይጦ ስለ መብሉ እየናቅነው፣ አለንጋውን ግን በቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ነበር።

ለመብል ያህል እንስሳን መግደል ሌላ ጉዳይ ነውና በዚህ አናስፋፋውም። አንድ ታሪክ ብቻ እንጥቀስ። በ1741 በሰሜን ፓሲፊክ ባሕር መርከቡ የተሰበረችበት ጆርጅ ስቴለር የሚባል ሐኪም፣ ከማናቲው እጅግ የሚበልጥ የባሕር ላም በአንዲት ሰው በሌለባት ደሴት ዙሪያ አገኘ። እርሱና ጓደኞቹ ከዚያ እንስሳ ሥጋ በልተው ከረኃብ ዳኑ፤ ማንም በዚህ አይፈርድባቸውም። ስቴለር እንስሳውን አስተውሎ ጻፈ፤ ሴቲቱ በተያዘች ጊዜ ወንዱ እስከ ባሕሩ ዳር ተከትሎአት እንደ መጣ፣ በማግሥቱም በዚያው ሲጠብቅ እንደ ተገኘ ሳይቀር መዝግቦአል። ከዚያ በኋላ ግን የጠጕር ነጋዴዎች በዚያ መንገድ መመላለስ ጀመሩና ለስንቃቸው አረዱት፤ 27 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1768፣ ዘሩ ከምድር ጠፋ። ስቴለር በሕይወት ያየው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የተፈጥሮ ሊቅ ሆነ። ሰውን ስላልፈራ በቀላሉ ተያዘ፤ ከማመኑ የተነሣ ሞተ ማለት ነው።

ለመዋኘት የቆሙት ወገኖች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ልንደብቀው አይገባም። በሦስቱ እኅትማማች ምንጮች ዙሪያ ያለው መሬት ቤት ሊሠራበት ታስቦ ነበር። በ2010 ተገዝቶ ለጥበቃ የዋለው ሕዝቡ ስለ ወደደው ነው፤ ሕዝቡም የወደደው ስላየው ነው። ማንም ያላየውን እንስሳ ማን ገንዘቡን አውጥቶ ያድነዋል? ይህ እውነት ነው። ሆኖም ፍቅር በማየት ይጀምራል ማለት በመዳሰስ ይፈጸማል ማለት አይደለም። በእነዚያው ምንጮች ዙሪያ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶአል፤ ሰው በዚያ ላይ ቆሞ፣ ውኃው ጥሩ ስለ ሆነ፣ እናትና ግልገል ጎን ለጎን ተኝተው ሊያይ ይችላል። እኛን ጠይቃችሁናልና፣ በብርድ ቀን ከዚያ መተላለፊያ ላይ መቆምን እንመርጣለን። በሞቃት ቀን፣ ውኃው ሰፊና እንስሳው እንዳሻው ሊሄድ የሚችል በሆነ ጊዜ፣ እጁን ሰብስቦ የሚንሳፈፈውን ሰው ግን አንነቅፈውም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ ቢሆን ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። ከሩቅ መቆም ግን በራሱ ንጽሕና አይደለም። በ2021 በፍሎሪዳ ወደ 1,100 የሚጠጉ ማናቲዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሞቱት በረኃብ ነው። ማንም አላሳደዳቸውም፤ ማንም አልጋለባቸውም። በምሥራቁ ባሕር ዳር ኢንዲያን ሪቨር በሚባለው ሐይቅ መሰል ባሕር ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ለሣሩና ለእርሻው ያፈሰሰው ማዳበሪያ፣ ከየቤቱም የወጣው ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ወደ ውኃው ገባ፤ አልጌው በዝቶ ውኃውን አጨለመው፤ ፀሐይ ያጣው የባሕር ሣር ሞተ። በዚያ ወገን የሚኖሩት እንስሳት ደግሞ በብርድ ጊዜ የሚሰበሰቡት ከኤሌክትሪክ ማመንጫ በሚወጣው ሙቅ ውኃ ዘንድ ነው። ሙቀቱን ትተው ቢሄዱ ብርዱ ይገድላቸዋል፤ ቢቀመጡ የሚበሉት የለም። በዚያ የብርድ ወራት፣ ቀድሞ ማናቲን ማብላት ይከለክል የነበረው መንግሥት ራሱ በኬፕ ካናቬራል አጠገብ ከ90,000 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሰላጣ ወደ ውኃው አስጣለ። እንዲህ ያለው ምጽዋት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የተራበው ፍጥረት የራሱ ማዕድ ነበረው።

ከዚህ የተነሣ ለወሎ ሰፈር ማኅበርተኞች የምንነግራቸው ነገር አለን። ከእነርሱ ቤት ፍል ውኃ ሩቅ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተውበት አዲስ አበባ የተባለችው ከተማ የተቈረቈረችው በዚያ ምንጭ ምክንያት ነው። እኛም የሞቀ ምንጭ ልጆች ነን ማለት ይቻላል። ከሰፈራቸው የሚወጣው ፍሳሽ ግን በዚያ አይቆምም። ወደ ወንዞቹ ይወርዳል፤ ወንዞቹም ወደ አቃቂ፣ አቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ በቆቃ ጉማሬ አለ። ከቆቃ በታች በወንዙ ዳር ሶደሬ ይገኛል፤ እኛ በዚያ በፍሉ ውኃ ስንታጠብ፣ በአጠገባችን የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው። በፍሎሪዳ ስለ ተራበው እንስሳ ከንፈሩን የመጠጠ ሰው፣ ከቤቱ ዘይትና ሳሙና ወደ ቦዩ የሚደፋ ከሆነ፣ የሁለቱ አገር ሰዎች ሥራ አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከት።

ጉማሬን በዐይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። አንባብያን ካህናት ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ስትሳለሙ የምትሻገሩት በሞተር ጀልባ ነውና፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ «ጉማሬ! ጉማሬ!» የሚል ጩኸት ከጀልባው ውስጥ ሲነሣ ሰምታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ጀልባ ነጂው ተሳፋሪውን ደስ ለማሰኘት ይጠጋል፤ ስልክ ሁሉ ይወጣል፤ እንስሳው ይሰጥማል፤ ጀልባውም እንደ ገና እስኪወጣ ይዞራል። አብሮት የተሳፈረው መነኵሴ ወይም ቄስ «ልጄ፣ ሞተሩን አጥፋና ከዚሁ እንይ» ቢለው ነጂው አይቃወምም፤ የሚቀርበው ቅረብ ስለሚባል ነው። ለመንገደኛው ደኅንነትም ይህ ይሻላል፤ ግልገል ያላት ጉማሬ ታንኳ ትገለብጣለች። ጉማሬው ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል እንጂ ቀኑን በውኃ ውስጥ የሚውለው ፀሐይ ቆዳውን ስለሚጐዳው ነውና፣ እስኪመሽ ድረስ ሌላ መሄጃ የለውም።